ኦክስጅን ሲያንስ የመከላከያ ሴሎቻችን እውነት ይተኛሉ? በብዛት ለተሰራጨ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራምም በፌስቡክም የሚዘዋወር ስለ ኦክስጅንና ስለ ኢሚውኒቲ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ፣ እናንተም ጋ ሳይደርስ አይቀርም። እኔ ጋ ከየግሩፑ ተደጋግሞ መጣ፣ ዘመዶቼም "እስቲ ይሄ ነገር እውነት ነው ወይ" እያሉ ላኩልኝ። ጸሐፊው ማን እንደሆኑ አላውቅም ግን ለፍተው እንደጻፉት ያስታውቃል፣ አጻጻፋቸውም ይጥማል፣ ሰው ሼር ያደረገውም ለዛ ይመስለኛል። ችግሩ ዋና ዋናዎቹ ነጥቦች ልክ አይደሉም። ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ይሻል ነበር፣ ማንም ይለየዋል፣ ይሄ ግን ግማሽ እውነት ይዞ ይነሳና ሌላ ቦታ ወስዶ ነው የሚጥላችሁ። ትምህርቴ ኢሚውኖሎጂ ስለሆነ ኮሜንት ላይ ከምነታረክ ቁጭ ብዬ ነጥብ በነጥብ ልመልስ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የመከላከያ ሴሎች ከደም ወጥተው ቁስል ወይ ኢንፌክሽን ያለበት ቦታ ለመድረስ ይንቀሳቀሳሉ፣ ለመንቀሳቀስ ጉልበት ያስፈልጋል፣ ጉልበት የሚመጣው ከኦክስጅን ነው፣ ስለዚህ ኦክስጅን ሲያንስ ሴሎቹ ባሉበት ይቆማሉ፣ በሳቸው አባባል "ይተኛሉ"። ከዚህ ተነስተው አዲስ አበባና ሌላው ደጋ ከፍታ ላይ ስለሆነ የደገኛ ሰው ኢሚውኒቲ ዕድሜ ልኩን የተዳከመ ነው ይላሉ፣ ለማስረጃም ሰው ተራራ ሲወጣ ደሙ ውስጥ ያለው የነጭ ሴል ቁጥር እንደሚቀየር ይጠቅሳሉ። ሦስተኛው ካንሰር ነው። ካንሰር ኦክስጅን በሌለበት ነው የሚኖረው፣ ይሄን ያገኘው ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኦቶ ዋርበርግ በ1931 ኖቤል ተሸልሞበታል፣ እንግዲያው ኦክስጅን ከተጨመረ ሴሎቹ ነቅተው ካንሰሩን ይጨርሱታል ይላሉ። አራተኛ፣ ቲቢ ሀገራችን ላይ የጸናው በከፍታው ምክንያት ነው። በመጨረሻ በጣሳ የሚሸጥ ኦክስጅንና የትንፋሽ ልምምድ ይመክራሉ፣ ለልምምዱም ሆላንድ ውስጥ የተሠራ ጥናት ይጠቅሳሉ።

ከመጀመሪያው ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነውና። "ጉልበት የሚመጣው ከኦክስጅን ነው" የሚለውን ለልብ ጡንቻ ወይ ለአእምሮ ሴል ብትሉት ብዙም አልከራከርም። ግን ሴል ሁሉ አንድ አይነት አይደለም። ኒውትሮፊል የሚባለውን ነጭ የደም ሴል ውሰዱ፣ ደማችን ውስጥ ካሉት ነጭ ሴሎች አብዛኛውን ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እሱ ነው፣ መቅኒያችን በቀን ወደ 100 ቢሊዮን ገደማ ያመርታል፣ ባክቴሪያ ሲገባ ቀድመው ከሚደርሱት ውስጥ ነው። ይሄ ሴል ሚቶኮንድሪያው፣ ማለትም በኦክስጅን ጉልበት የሚያመርተው የሴል ክፍል፣ ጥቂት ነው፣ ጉልበቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ስኳርን ያለ ኦክስጅን በመሰባበር ነው፣ ሃይስኩል ባዮሎጂ ላይ ግላይኮሊሲስ ብለን የተማርነው ማለት ነው። ኦክስጅኑን ብታሳንሱበት ጉልበቱ በዛው ልክ አይቋረጥበትም።

ላብራቶሪ መሄድም አያስፈልግም እኮ። መግል ታውቃላችሁ አይደል? የቋጠረ እብጠት መሀሉ ላይ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል፣ ደም ስር የለውም፣ የነበረችውንም ኦክስጅን ባክቴሪያውና ሴሎቹ ጨርሰዋታል። መግሉ ራሱ ግን ምንድነው? አብዛኛው እዛ ድረስ ሄደው የሞቱ ኒውትሮፊሎች ናቸው። ኦክስጅን ሲያንስ የሚተኙ ከሆነ ማን ነው ታዲያ እዛ የሄደው?

ጸሐፊው ጭራሽ ያላነሱት ደሞ ሂፍ የሚባለውን ፕሮቲን ነው። ስለ ኦክስጅንና ስለ ሴል ይሄን ያህል ገጽ ተጽፎ ሂፍ አንዴ እንኳን ስሙ አለመጠራቱ በጣም ነው የገረመኝ። ግሬግ ሴመንዛ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው ያገኘው፣ በ2019 እሱና እንግሊዛዊው ፒተር ራትክሊፍ እንዲሁም አሜሪካዊው ዊልያም ኬይሊን የሕክምና ኖቤል ወስደዋል፣ የተሸለሙትም ሴል ኦክስጅን ማነሱን በምን ያውቃል የሚለውን ስለፈቱ ነው። አሠራሩ ደስ ይላል። ሴላችን ሂፍን ሁሌ ያመርታል። ኦክስጅን በቂ ሲሆን ያንኑ ኦክስጅን ተጠቅመው ሂፍ ላይ ምልክት የሚያደርጉ ኢንዛይሞች አሉ፣ ምልክት ያለበትን ቪኤችኤል የሚባል ፕሮቲን ይይዘዋል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተሰባብሮ ይጠፋል። ኦክስጅን ሲያንስ ምልክቱ አይደረግም፣ ሂፍ ይጠራቀማል፣ ኒውክለስ ውስጥ ገብቶ ብዙ ጂኖችን ያስነሳል። ከነዛ ጂኖች ውስጥ የግላይኮሊሲስ ኢንዛይሞች አሉበት፣ ሴሉ ደም ስር ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ለመውጣት የሚጠቀምባቸው ኢንቴግሪኖች አሉበት፣ ወዴት መሄድ እንዳለበት የሚያውቅባቸው ሪሴፕተሮችም (ሴሉ ላይ ያሉ ምልክት ተቀባይ ፕሮቲኖች) አሉበት። ስለዚህ የኦክስጅን ማነስ ለሴሉ ራሱን የቻለ መልእክት ነው፣ ሴሉም ሰምቶ ሥራውን ይቀይራል።

ይሄ ዝም ብሎ ግምት አይደለም። በ2003 ሴል የሚባለው ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ አይጦች ላይ ኒውትሮፊልንና ማክሮፌጅን (ባክቴሪያና የሞቱ ሴሎችን የሚውጠውን ትልቁን ሴል) ጨምሮ ከአንድ ዘር የሚመጡ ሴሎች ውስጥ ሂፍ-1ን፣ ከሂፍ አይነቶች አንዱን፣ አጠፉት። ሴሎቹ ጉልበታቸው በጣም ወረደ፣ እንቅስቃሴያቸው ደከመ፣ ቲሹ ውስጥ ዘልቆ መግባትም ባክቴሪያ መግደልም ቀነሰ። ያዳከማቸው እንግዲህ የኦክስጅን ማነስን የሚሰሙበት ነገር መጥፋቱ ነው። ተገላቢጦሹም ታይቷል፣ ቪኤችኤላቸው ላይ የጂን ችግር ይዘው የተወለዱ ሰዎች ኦክስጅን ሳይጎድልባቸው ሴላቸው በከፊል ኦክስጅን እንዳነሰው ይሆናል፣ ከደማቸው የተወሰደው ኒውትሮፊል ቶሎ አይሞትም፣ ባክቴሪያም በደንብ ይውጣል። በጸሐፊው ሂሳብ ከሄድን መሆን የነበረበት ሌላ ነው።

ደግሞ "ዝቅተኛ" የሚባለው ከምን አንጻር ነው? አየር ላይ 21 ፐርሰንት አለ፣ ሰውነት ውስጥ ግን ከሳንባው አየር መንገድና ከቆዳው ገጽ በስተቀር ይሄን ያህል የሚያገኝ ሴል የለም። አብዛኛው ቲሹ ውስጥ ከ3 እስከ 7 ፐርሰንት ገደማ ነው፣ መቅኒ ውስጥ ከዛም ይወርዳል፣ አይጥ ጣፊያ ውስጥ ሲለካ ከ0.5 እስከ 4.5 ፐርሰንት ነው የተገኘው። መቅኒ ማለት እነዚ ሴሎች የሚወለዱበት ነው፣ ጣፊያ ማለት ተሰብስበው ሥራ የሚሠሩበት ነው። ከተወለዱ ጀምሮ እዚህ ውስጥ ነው ያሉት። እንደውም ለነሱ እንግዳ የሚሆንባቸው እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ አድርገን የክፍል አየር የምንሰጣቸው ጊዜ ነው፣ ይሄ በሙያው ውስጥ የቆየ ሐሜት ነው፣ ለሌላ ቀን ይቆየን።

እዚህ ጋ ግን ለጸሐፊው የምሰጣቸው ነገር አለ። ቲ-ሴል የሚባሉት፣ አንድን ጠላት ለይተው የሚያጠቁት ነጭ ሴሎች፣ የተለዩ ናቸው። በ2007 የታተመ ጥናት ላይ ከአይጥ ሊምፍ ኖድ አውጥተው፣ አንገት ስር ሲያብጥ ንፍፊት የምንለው ማለት ነው፣ በፈሳሽ እያጠቡ ውስጡ ያሉት ቲ-ሴሎች ሲንቀሳቀሱ በማይክሮስኮፕ አዩ። ገና ጠላት ያላጋጠማቸው ቲ-ሴሎች በደንብ ለመንቀሳቀስ የሚያልፈው ፈሳሽ ከ7.4 ፐርሰንት በላይ ኦክስጅን እንዲኖረው ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ "ኦክስጅን ሲያንስ የሚዘገይ ሴል አለ" ቢሉ ኖሮ ልክ ነበሩ። ግን እዛው ጥናት ላይ ለውጊያ የተቀሰቀሱት ቲ-ሴሎች የሚፈልጉት ኦክስጅን ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፣ እነሱም ሲቀሰቀሱ ወደ ግላይኮሊሲስ ስለሚያዘነብሉ ነው። አንድ አይነት ሴል እንኳን እንደ ሁኔታው ይለያያል፣ ጸሐፊው ግን ሁሉንም ነጭ ሴል ጠቅልለው አስተኙት።

አሁን ወደ እኔ የሚያስደስተኝ ክፍል ልግባ፣ ማክሮፌጅ። የመከላከያ ሴል ዝም ብሎ አይዞርም፣ ኬሞካይን የሚባሉ ኬሚካሎች ከሚበዙበት አቅጣጫ እየተጠጋ ነው የሚሄደው፣ ጎረቤት ቡና ሲቆላ ሽታውን ተከትሎ እንደሚመጣ ሰው። ለማሽተት አፍንጫ ይፈልጋል፣ የሴሉ አፍንጫ ሪሴፕተሩ ነው። ኦክስጅን ያነሰበት ቲሹ ሁለት ነገር ያደርጋል። ጠሪውን ኬሚካል ይለቃል፣ ለምሳሌ ኤስዲኤፍ-1 የሚባለው ኬሞካይን ሂፍ ራሱ ነው የሚያስመርተው፣ ኦክስጅን ባነሰ ቁጥር ይበዛል። ሴሎቹም ላይ እሱን የሚያሸተው ሲኤክስሲአር-4 የሚባል ሪሴፕተር በኦክስጅን ማነስ ይጨምራል። በሌላ በኩል አንዳንድ ሪሴፕተሮች ደግሞ ይቀንሳሉ። ማለትም ሴሉ ሌላውን ሽታ ችላ ብሎ አንዱን መከተል ይጀምራል።

ይሄ ነገር መጥፎ ጎኑ የሚታየው ካንሰር ውስጥ ነው። በ2013 የወጣ በአይጥ ላይ የተሠራ ጥናት አለ፣ ዕጢው ውስጥ ኦክስጅን ያነሰበት ቦታ ሴማፎሪን-3ኤ የሚባል ፕሮቲን ይለቃል፣ ማክሮፌጆቹ ኒውሮፒሊን-1 በሚባል ሪሴፕተር ይሰሙትና ተከትለው ይገባሉ። ከገቡ በኋላ ግን ኦክስጅን ማነሱ ራሱ ሪሴፕተሩን ይቀንስባቸዋል፣ ከዛ የሚያቆማቸው ሌላ ምልክት ነው የሚቀረው፣ መውጣት አይችሉም። እዛው ተቀምጠው ለዕጢው አዲስ ደም ስር የሚያበቅል ነገር ያመርታሉ፣ ቲ-ሴሎችን ያፍናሉ። ተመራማሪዎቹ ሪሴፕተሩን ከማክሮፌጆቹ ሲያጠፉት ኦክስጅን ወዳለበት ክፍል ቀሩ፣ የዕጢው እድገትም ቀነሰ። እንግዲህ ጸሐፊው "አይደርሱም" ያሉት ሴል ጭራሽ ጥሪ ተደርጎለት ገብቶ ነው ጉዳት የሚያደርሰው። መግባቱ ነው ችግሩ!

ተመሳሳይ ነገር ዜብራፊሽ ላይም አለ፣ ሕፃንነቷ ላይ ሰውነቷ ስለሚያሳይ ሴል ሲሄድ በዓይን የሚታይባት ትንሽ ዓሣ ናት። ጭራዋ ሲቆረጥ ኒውትሮፊሎች ወደ ቁስሉ ይሮጣሉ፣ ሥራ ሲያልቅ ደግሞ ብዙዎቹ ይመለሳሉ። በ2011 የወጣው ጥናት ላይ ሂፍን ሲያስነሱት ኒውትሮፊሎቹ መሄዱን ሄዱ፣ መመለሱ ነው የዘገየው፣ መሞታቸውም ዘገየ፣ ቁስሉ ላይ ተከማችተው ቆዩ። ኒውትሮፊል ቆይቶ ኢንዛይሞቹን ከለቀቀ የራሳችንን ቲሹ ይበላል። ስለ ኦክስጅን ማነስ መጨነቅ ከተፈለገ ሰው ሊጨነቅ የሚገባው ለዚህ ነው፣ ሳንባቸው በታመመና ከባድ ኢንፌክሽን በያዛቸው ሰዎች ላይ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ የሴሎቹ መብዛትና አለመሄድ ነው።

ወደ ከፍታው እንምጣ፣ ሰው የደነገጠው በዚህ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ትጠጋለች። ጸሐፊው አዲስ አበባ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 16 ፐርሰንት ብቻ ነው ብለዋል። አዲስ አበባም ጋምቤላም ራስ ዳሽን ጫፍ ላይም 21 ፐርሰንት ነው፣ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ግፊቱ አዲስ አበባ ላይ የባህር ወለሉን ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ባህር ዳርቻ ቆሞ 16 ፐርሰንት እንደመተንፈስ ይቀራረባል፣ ቁጥሯን ከዛ እንዳመጧት ይገባኛል፣ ትንሽ ስህተት ናት አላከብዳትም።

ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው፣ አየር ላይ ያለውን ቁጥር ቀጥታ ወስደው ሴል ላይ መለጠፋቸው። በመሀል ሳንባ አለ፣ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን አለ። ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ትንሽ ሲቀንስበት ወዲያው አይራገፍም፣ ለዛ ነው አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ሰው ጣቱ ላይ ፐልስ ኦክሲሜትር (ሄሞግሎቢኑ ስንት ፐርሰንት ኦክስጅን እንደያዘ፣ ማለትም ሳቹሬሽኑን የሚለካ መሣሪያ) ቢሰካ አብዛኛውን ጊዜ 90ዎቹ አጋማሽ ላይ የሚያነበው። ቲሹ ጋ ሲደርስ ልዩነቱ አየሩ ላይ ከነበረው በጣም ይጠባል። መግል መሀል ወይ ዕጢ መሀል ያለው የኦክስጅን ማነስ ሌላ ነገር ነው፣ እሱ እዛው ቦታ የተፈጠረ ነው፣ ጅቡቲም ኑሩ አዲስ አበባ ያው ነው።

ስለ ደገኛ ሰው ደግሞ እኛው ሀገር የተሠራ ጥናት እያለ ለምን እንዳልጠቀሱት አልገባኝም። በ2002 የታተመ ነው፣ ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎች ተለኩ። የኦክስጅን ሳቹሬሽናቸው በአማካይ 95.3 ፐርሰንት ነበር፣ ሄሞግሎቢናቸው በዴሲሊትር ደም ወንዶቹ 15.9 ሴቶቹ 15.0 ግራም፣ ይሄ ባህር ወለል ላይ የሚኖር ሰው ውስጥ የሚገኝ ቁጥር ነው። በዚህ ከፍታ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ሰው ሄሞግሎቢኑ ይጨምራል፣ የቲቤት ሰው ሳቹሬሽኑ ይወርዳል፣ ሰሜን ላይ ግን ሁለቱም አልታየም፣ ተመራማሪዎቹም "የኢትዮጵያ" የሚባል ሦስተኛ አይነት አኗኗር አለ እስከማለት ደርሰዋል። ይሄን ሕዝብ ነው ዕድሜ ልኩን ኦክስጅን እንደጠማው አድርገው የጻፉት።

መላመድ የሚባለውንም ረስተውታል። በ1999 የወጣ በተለይ የሴል እንቅስቃሴን የሚመለከት ጥናት አለ፣ አይጦች ድንገት ኦክስጅን ሲያንሳቸው ነጭ ሴሎቻቸው የአንጀት አካባቢ ደም ስር ግድግዳ ላይ መጣበቅ ጀመሩ፣ ለሳምንታት በዝቅተኛ ግፊት የቆዩት አይጦች ላይ ግን ያ ምላሽ አልታየም። በ2017 የወጣው ሌላ የአይጥ ጥናት ላይም ኢንፌክሽንና የኦክስጅን ማነስ በአንድ ላይ ድንገት ሲመጣባቸው አይጦቹ በጣም ታመሙ፣ ቀድመው ኦክስጅን ያነሰበት ቦታ የቆዩት ግን ተረፉ። ስለዚህ ከቆላ ድንገት ከፍ ወዳለ ተራራ የወጣ ሰው ላይ ለጥቂት ቀን ለውጥ አለ ቢሉ እስማማለሁ። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ላደገ ሰው ግን ያንን ማዋስ አይቻልም።

ስለ ደም ቁጥሩ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን ስህተት ሐኪሞችም አንዳንዴ ይሳሳቱታል። ደም ውስጥ የምትቆጥሩት ሊምፎሳይት (ቲ-ሴሎች ያሉበት የነጭ ሴል ወገን) ሰውነት ውስጥ ካለው 2 ፐርሰንት ገደማ ነው፣ ሌላው ሊምፍ ኖድ፣ ጣፊያ፣ አንጀት ውስጥ ነው ያለው። ኒውትሮፊሎችም ቢሆኑ ከፊሎቹ ደም ስር ግድግዳ ላይ ተጠግተው ነው የሚቆዩት፣ ሰው ተራራ ሲወጣ አድሬናሊን ይጨምራል፣ ያኔ ይላቀቁና ቆጠራው ከፍ ይላል። ፈተና ሲደርስ ወይ ሩጫ ስትሮጡም ይሄው ነው። ቁጥሩ ተቀየረ ማለት ሴሎቹ ተንቀሳቀሱ ማለት ነው እንጂ ተኙ ማለት አይደለም፣ ማስረጃው የራሳቸውን ነጥብ ነው የሚያፈርሰው።

ካንሰሩ ላይ ዋርበርግን ማንሳታቸው የተለመደ ነው፣ በእንግሊዝኛም ይሄ ታሪክ ለዓመታት ሲዞር የኖረ ነው። ዋርበርግ በ1931 ኖቤል አግኝቷል፣ እውነት። ያገኘው ግን ሴል ኦክስጅንን የሚጠቀምበትን የመተንፈሻ ኢንዛይም ባሕርይና አሠራር በማጥናቱ ነው፣ የካንሰርን ምክንያት አገኘ ተብሎ አይደለም። ስለ ካንሰር ያስተዋለው ነገር ደግሞ ለጸሐፊው አይጠቅማቸውም። ዋርበርግ ያየው የካንሰር ሴል ኦክስጅን በቂ እያለ እንኳን ስኳርን በግላይኮሊሲስ እንደሚያቃጥል ነው። ኦክስጅን እያለ እንደዛ የሚያደርግን ሴል ኦክስጅን በመጨመር ትገድሉታላችሁ ማለት እንዴት ይሆናል? የተቀሰቀሰ ቲ-ሴልም ያንኑ ነው የሚያደርገው።

ግን እዚህም ዝም ብዬ ውድቅ አላደርጋቸውም። በ2015 የወጣ ጥሩ ጥናት አለ፣ ዕጢ ያለባቸው አይጦች 60 ፐርሰንት ኦክስጅን ያለው አየር እየተነፈሱ እንዲኖሩ ተደረገ፣ ዕጢው ውስጥ አዴኖሲን የሚባለው ቲ-ሴል የሚያፍን ኬሚካል ቀነሰ፣ ብዙ ቲ-ሴሎች ገቡ፣ ዕጢዎቹም ቀነሱ። ቲ-ሴልና ኤንኬ ሴል (ሌላው የታመመ ሴል ገዳይ) የሌላቸው አይጦች ላይ ምንም አልሠራም፣ ማለትም ውጤቱ በመከላከያ ሴሎች በኩል የመጣ ነው። የጸሐፊው ሐሳብ ለእውነት የሚቀርበው እዚህ ጋ ነው። ቢሆንም ይሄ ሌት ተቀን በተዘጋ ክፍል ውስጥ 60 ፐርሰንት የተሰጠው አይጥ ነው። በዛ ላይ በ2017 የታተመ ሌላ የአይጥ ጥናት ላይ ቲ-ሴል ውስጥ ያለውን ሂፍ-1 ሲያጠፉት ቲ-ሴሎቹ ዕጢው ውስጥ መግባትም መግደልም ቀንሶባቸዋል። ማለትም ያንን የኦክስጅን ማነስ መልእክት ቲ-ሴሉ ራሱ ይፈልገዋል። ሁለቱ ጥናቶች አይጣሉም፣ ነገሩ ግን "ኦክስጅን ጨምር፣ ካንሰር ይድናል" ከሚለው በጣም የተወሳሰበ ነው። በግፊት የሚሰጠው ሃይፐርባሪክ ኦክስጅን ለማይድን የስኳር እግር ቁስል፣ ለከሰል ጭስ መመረዝ ይሠራል፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ለካንሰር ማከሚያነት አልፈቀደውም። ኬሞውን ትቶ በዚህ የሚሄድ ሰው እንዳይኖር ነው የምሰጋው፣ ኮሜንቱ ላይ የሚጠይቁ ሰዎች አይቻለሁና።

ቲቢው ላይ አጭር እሆናለሁ ምክንያቱም ማስረጃው ቀጥታ ተቃራኒ ነው። ፔሩ፣ ሜክሲኮና ኬንያ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ከፍታ ሲጨምር ቲቢ ሲቀንስ ነው ያሳዩት። ድሮ አንቲባዮቲክ ሳይመጣ የአውሮፓ ሀብታሞች ቲቢ ሲይዛቸው ስዊዘርላንድ ዳቮስ፣ 1,560 ሜትር ላይ ያሉ ሳናቶሪየሞች ይሄዱ ነበር። ከፍታው ራሱ ነው ወይስ የሕዝቡ መራራቅና ፀሐዩ የሚለው አከራካሪ ነው፣ እኔም ከፍታ ቲቢ ያድናል አልልም። ሀገራችን ላይ መጨናነቅ፣ የምግብ እጥረት፣ ኤችአይቪና ሳይታወቅ ብዙ ጊዜ መቆየት በቂ ምክንያት ናቸው። ጸሐፊው የነኳት አንድ እውነት ቲቢ ሳንባ ውስጥ የሚሠራው ቋጠሮ፣ ግራኑሎማ የሚባለው፣ ውስጡ ኦክስጅን እንደሚያንሰው ነው። እሱም በሰው ላይ ተለክቷል፣ በ2016 የታተመ ነው፣ የተለካው ግን ከፍታ በሌላት እንግሊዝ ሀገር ነው። በሽታው ራሱ ነው ኦክስጅኑን የሚያሳንሰው።

መፍትሄ ያሉትን ደሞ እንይ። ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር ይተነፍሳል፣ ጣሳዎቹ የሚይዙት ጥቂት ሊትር ነው። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት፣ ብዙ አይቆይም። ሳቹሬሽኑ 95 የሆነ ጤነኛ ሰው ላይ ለዛች አጭር ጊዜ ቁጥሯን ወደ 99 ቢያወጣት ነው። በዛ ብር ሌላ ስንት ነገር ይገዛ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጥ ኦክስጅን ሌላ ነው፣ የሳንባ ምች ይዞት ሳቹሬሽኑ ለወረደ ሕፃን ኦክስጅን ሕይወት ነው፣ ይሄን ከጣሳው ጋር እንዳታደባልቁት። ያለ ልክ ሲሰጥ ደግሞ ይጎዳል፣ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ብዙ ሕፃናት ዓይናቸውን ያጡት ኢንኩቤተር ውስጥ በበዛ ኦክስጅን ነው።

የትንፋሽ ልምምዱ ጥናት በጣም ነው ያሳቀኝ። እውነተኛ ጥናት ነው፣ ኔይሜኸን ከተማ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ፣ 2014፣ በዊም ሆፍ ዘዴ (በሆላንዳዊው ዊም ሆፍ የተሰየመ ልምምድ) የሠለጠኑ 12 ሰዎችና ያልሠለጠኑ 12 ሰዎች ኢንዶቶክሲን የሚባል የባክቴሪያ መርዝ በመርፌ ተወጉ፣ የሠለጠኑት ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለቱ ቀለል አላቸው። ግን ዘዴው ምን መሰላችሁ? ፈጠን ፈጠን አድርጎ መተንፈስ፣ ከዛ ትንፋሽን ይዞ መቆየት ነው። ትንፋሽ በያዙ ቁጥር የደማቸው ኦክስጅን በጣም ይወርድ ነበር! አድሬናሊናቸው ከፍ አለ፣ የብግነት ምልክቶቹ ወረዱ፣ ከወረዱት አንዱ ኢንተርሉኪን-8 ነው፣ እሱ ደግሞ ኒውትሮፊልን የሚጠራው ዋናው ኬሞካይን ነው። ስለዚህ ጸሐፊው "ኦክስጅን ጨምሮ ሴሎቹን የሚያነቃ" ብለው ያቀረቡት ጥናት ኦክስጅን እያወረደ ሴሎቹን የሚጠራውን ድምፅ የቀነሰ ጥናት ነው። ቀስ ብሎ መተንፈስ ያረጋጋል፣ እንቅልፍም ያመጣል፣ የሚወድ ያድርገው፣ እኔም አንዳንዴ አደርገዋለሁ፣ ውሃ ውስጥና መኪና እየነዳችሁ ብቻ ትንፋሽ መያዝ አትሞክሩ፣ ራስን ያስታል።

ጽሑፉ መጨረሻ ላይ "ክፍል ሁለት ይቀጥላል" ይላል። ጸሐፊው ይሄን ካነበቡት አንድ ነገር ብቻ እለምናቸዋለሁ፣ ጥናት ሲጠቅሱ የትኛው ሴል እንደሆነ፣ በአይጥ ነው በሰው፣ ኦክስጅኑ ስንት ፐርሰንት እንደነበረና ስንት ሰዓት ወይ ስንት ሳምንት እንደቆየ አብረው ይጻፉልን። መልስ ካላቸውም እዚሁ ስር ይጻፉ፣ አነባለሁ።